እጅ ላይ የተጻፈ ኤክስ፦ የዋሽንግተን ዲሲ ፓንክ ከየት መጣ?

ዲሲ የኖረ ወይም የተመላለሰ ሐበሻ ዘጠነኛ ጎዳናና ዩ ስትሪት የሚገናኙበትን ቦታ ያውቀዋል። ክትፎ የምንበላበት፣ ቡና የምንጠጣበት፣ የአገር ቤት ወሬ የምንሰማበት ሰፈር ነው። ከዚያ ተነስቶ በእግር ጥቂት ደቂቃ የሄደ ሰው ቪ ስትሪት ላይ 9:30 የሚባለውን ትልቅ የሙዚቃ ክለብ ያገኘዋል። ማታ ላይ ወጣቱ ተሰልፎ በር እስኪከፈት ይጠብቃል። ብዙዎቻችን በዚያ በር አልፈናል፤ ከዚያ የወጣ ሰው በታክሲ ጭነን ያደረስንም አለን። ስሙ ለምን የሰዓት ቁጥር እንደሆነ ግን እኔ ለዓመታት ጠይቄ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኩ። መልሱ እየጎተተ እየጎተተ ጃንሆይ ድረስ ወሰደኝ።

ፓንክ ስለሚባለው ፈጣንና ጯሂ የሮክ ሙዚቃ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚታየው ጩኸቱ፣ የተላጨው ፀጉር፣ የተቀደደው ልብስ ነው። የዲሲውን ታሪክ ሳየው ግን ለእኔ ዋናው ነገር በሩ ነው። ማን ይገባል? በስንት ብር? የተሰበሰበውን ገንዘብ ማን ይይዛል? እነዚያ ልጆች ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጡት መልስ ነው ዓለምን የዞረው፤ ሙዚቃው አብሮ ዞረ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ከተማው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ዲሲ ተቃጠለ። 14ኛ ጎዳና፣ ዩ ስትሪት፣ ኤች ስትሪት፣ የጥቁሩ ሕዝብ የንግድ ጎዳናዎች፣ ነደዱ። ብዙ ሱቅ ከዚያ በኋላ አልተከፈተም። አቅም ያለው ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ወጣ። በ1980 ከከተማው ነዋሪ 70 በመቶ ገደማ ጥቁር ነበር። መሃል ከተማው ደግሞ ቀን የመንግሥት ሠራተኛ ይርመሰመስበታል፣ ሲመሽ ጭር ይላል። ባዶ ሕንፃ፣ ርካሽ ኪራይ።

ሌላም ነገር አለ። ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ ትልልቅ የሸክላ ኩባንያዎች አሏቸው፤ እዚያ የሚጫወት ልጅ አንድ ቀን አንዱ ሰምቶ ያስፈርመኛል ብሎ ይጠብቃል። ዲሲ ውስጥ የሚጠበቅ ሰው አልነበረም። ከተማው የፖለቲካ ከተማ ነው። የሚያሳትምህ ከሌለ ወይ ትተወዋለህ፣ ወይ ራስህ ታሳትማለህ።

እሳቱን የጫረው አንድ የሬዲዮ ጣቢያ መዘጋቱ ነው ማለት ይቻላል። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ደብልዩ ጂ ቲ ቢ ሌላው የማያጫውተውን ሙዚቃ ያጫውት፣ ዩኒቨርሲቲው የማይወደውን ፖለቲካም ያወራ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1979 መጀመሪያ ላይ ዘጋውና ፈቃዱን ለሌላ ዩኒቨርሲቲ በ1 ዶላር ሸጠው። አዎ፣ በአንድ ዶላር። ወዲያው በየካቲት ወር ለጣቢያው ድጋፍ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ክራምፕስ የሚባል ባንድ ተጫወተ። አዳራሹ ከሚችለው በላይ ሰው ገባ፣ ጠረጴዛ ተሰበረ፣ መስኮት ተሰበረ። ከገቡት አንዱ ኢያን ማካይ የሚባል የ16 ዓመት የሃይስኩል ተማሪ ነበር። ወጥቶ ፓንክ ሆነ።

አሁን ወደ ባድ ብሬይንስ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

ባድ ብሬይንስ አራት ጥቁር ወጣቶች ናቸው። ዲሲ አፍንጫ ሥር ካለው የሜሪላንድ ሰፈር የመጡ፤ ኤች አር የሚባለው ድምፃዊ፣ ወንድሙ ኧርል ሃድሰን ድራም ላይ፣ ዶክተር ኖው ጊታር ላይ፣ ዳሪል ጄኒፈር ቤዝ ጊታር ላይ። ሲጀምሩ የሚጫወቱት ጃዝ ከሮክ ጋር የተቀላቀለበትን ከባድ ሙዚቃ ነበር። ስለዚህ መሣሪያቸውን በደንብ ያውቁታል። ፓንክን ሲሰሙ ያንን ሁሉ ችሎታ ይዘው ገቡበትና ማንም ባልሞከረው ፍጥነት መጫወት ጀመሩ። በ1980 ያወጡት የመጀመሪያ ትንሽ ሸክላ ላይ ያለው ዘፈን አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ቃላቱ እየተሽቀዳደሙ ያልፋሉ። ግን የሚዝረከረክ ነገር የለም፤ ሁሉም የሚቆሙበት ቦታ ላይ አንድ ላይ ነው ቀጥ የሚሉት። ዛሬ ሃርድኮር የሚባለው የፓንክ ዓይነት ሲነሳ የእነሱ ስም ሳይጠራ አይታለፍም።

እነ ማካይ በ1979 በጋ ጆርጅታውን ውስጥ ባዩ የሚባል ክለብ ሲጫወቱ አዩዋቸው። ከዚያም አዳምስ ሞርጋን 18ኛ ጎዳና ላይ ማዳምስ ኦርገን በሚባል የሠዓሊዎች ቤት ደጋግመው አዩዋቸው። አዎ፣ 18ኛ ጎዳና! ያው በዚያው ጊዜ የሐበሻ ምግብ ቤቶች እየተከፈቱበት የነበረው መንገድ። በአብዮቱ ምክንያት ከአገር የወጣው ሰው ኪራዩ ርካሽ የሆነበትን ሰፈር ፈልጎ ነው የገባው። ፓንኮቹም የገቡት በዚያው ምክንያት ነው።

ባድ ብሬይንሶች በ1979 መጨረሻ እንግሊዝ ሄደው ለመጫወት ሞከሩ። የሥራ ፈቃድ የላችሁም ተብለው ከድንበር ተመለሱ፣ መሣሪያቸውም ጠፋ። ባዶ እጃቸውን ዲሲ ሲመጡ የተቀበሏቸው እነዚያ የሃይስኩል ልጆች ናቸው። ምድር ቤታቸውን ከፍተው "በኛ መሣሪያ ተለማመዱ" አሏቸው። ልጆቹ ቁጭ ብለው ያያሉ። ጊታር እንዴት እንደሚያዝ፣ ድራም ፍጥነቱ ሳይዛነፍ እንዴት እንደሚመታ፣ አንድ ሰው ሁለመናውን ሰጥቶ እንዴት እንደሚዘፍን ከአንድ ክንድ ርቀት አዩ። ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት ከየት ይገኛል?

የጃንሆይ ነገርስ? ባድ ብሬይንሶች ቦብ ማርሊን መድረክ ላይ ካዩ በኋላ ወደ ራስታ እምነት ሄዱ። በአንድ ምሽት አንድ ደቂቃ የማይሞላ የሚያደነቁር ፓንክ ይጫወቱና ወዲያው ቀዝቀዝ ያለ ሬጌ ይከተላል፤ ጃህ ይላሉ፣ ከባቢሎን ስለመውጣት ይዘፍናሉ። በ1982 ያወጡት የመጀመሪያ አልበም በካሴት ነው የወጣው። ሽፋኑ ላይ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ሲመታው ይታያል። ቀለሞቹ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የኛ ቀለም!

አስቡት እንግዲህ። ጃንሆይ በጥቅምት 1963 ዋሽንግተን መጡ፣ ኬኔዲ ተቀበላቸው። ከዚያ ኒውዮርክ ሄደው በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ስለ ዘር እኩልነት ያንን ንግግር አደረጉ። ቦብ ማርሊ የንግግሩን ቃል ከሞላ ጎደል እንዳለ ይዞ በ1976 ዘፈነው። ማርሊን የሰሙ አራት የዲሲ ልጆች ደግሞ ራስታ ሆነው ፓንክ ተጫወቱ። እነሱን ያዩ ነጭ ልጆች የየራሳቸውን ባንድ መሠረቱ። ስለ ጃንሆይ ያለን አስተያየት ለየቅል ነው፤ ከቤተሰቦቻችን ብዙዎቹ እሳቸውን ከጣለው አብዮት የሸሹ ናቸው፣ አብዮቱን የደገፉም አሉ። ይህን ሰንሰለት ሳየው ግን ልቤ ይነካል። ያ ቀለም ለአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ምን ያህል ክብር እንደሰጠው እኛ ሁልጊዜ የምናስተውለው አይመስለኝም።

ባድ ብሬይንስ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ኒውዮርክ ሄዱ። ዲሲ ውስጥ ክለቦቹ እየዘጉባቸው ነበር፤ ያንንም ዘፈን አድርገውታል። ቤቱ ግን ባዶ አልቀረም።

ማካይና ጓደኛው ጄፍ ኔልሰን ቲን አይድልስ የሚባል ባንድ ነበራቸው። በነሐሴ 1980 በአውቶብስ አሜሪካን አቋርጠው ካሊፎርኒያ ሄዱ። ዕድሜያቸው ለመጠጥ አልደረሰም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ክለብ በር ላይ ግን "አትገቡም" ከማለት ይልቅ በወፍራም ጥቁር ማርከር እጃቸው ጀርባ ላይ ትልቅ ኤክስ ጻፉባቸው። ትርጉሙ፦ ይህ ልጅ ሙዚቃ መስማት ይችላል፣ መጠጥ ግን አይሸጥለትም። አለቀ።

ልጆቹ ይህን ይዘው ዲሲ ተመለሱ። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ያኔ አዲስ ክለብ ተከፍቷል፤ በግንቦት 1980 መጨረሻ፣ ኤፍ ስትሪት ቁጥር 930 ላይ፣ አትላንቲክ በሚባል ያረጀ ሕንፃ ውስጥ። የ9:30 ስም የመጣው እንግዲህ ከቤቱ ቁጥር ነው። 199 ሰው ብቻ የሚይዝ ጠባብ ቤት። ልጆቹ ሄደው ለመኑ፦ እጃችን ላይ ኤክስ ጻፉብን፣ አንጠጣም፣ ብቻ አስገቡን። ክለቡ እሺ አለ።

ለእኔ ወሳኙ ነጥብ ይህ ነው። መጠጥ የሚሸጥ ቤት ሙዚቃን ለጠጪ ብቻ ነው የሚያቀርበው። የ15 ዓመት ልጅ፣ ሙዚቃ ሕይወቱን ሊለውጥለት የሚችልበት ዕድሜ ላይ ያለው ልጅ፣ ውጭ ይቀራል። ማርከር ያንን ፈታው። ዋጋው ምንም ነው። ከዚያ በኋላ ኤክስ የውርደት ምልክት መሆኑ ቀረ፤ ልጆቹ ራሳቸው ቤታቸው ጽፈውት መምጣት ጀመሩ፣ የሚጠጣበት ዕድሜ ላይ የደረሱትም ጭምር።

ቲን አይድልስ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ፈረሰ። በየኮንሰርቱ ያገኟትን ሳንቲም ሳይካፈሉ ሳጥን ውስጥ ያጠራቅሙ ነበርና ሲቆጠር 600 ዶላር ገደማ ሆነ። ለአራት መካፈል ይችሉ ነበር። ሸክላ እናሳትምበት አሉ። በታኅሣሥ 1980 አንድ ሺህ ቅጂ አሳተሙ፣ የአሳታሚውን ስም ዲስኮርድ አሉት።

ሸክላው ተጭኖ ሲመጣ ሽፋን የለውም። ለሽፋን የሚከፈል ብር አልተረፈም። ምን አደረጉ? ከእንግሊዝ የመጣ የአንድ ትንሽ ሸክላ ሽፋን ወሰዱ፣ ሙጫውን ቀስ ብለው አላቀቁ፣ ጠፍጣፋ አድርገው ዘረጉት፣ ዙሪያውን በእርሳስ አሠመሩ። ከዚያ በዚያ ልክ አሳትመው አንድ በአንድ በመቀስ ቆረጡ፣ አጠፉ፣ በሙጫ አጣበቁ። ጓደኞቻቸው ተሰብስበው ወለል ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ፤ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ያጥፋል፣ አንዱ የግጥሙን ወረቀት ውስጡ ይከታል። ለሠርግ ድፎ ዳቦ የሚጋግሩ የሰፈር ሴቶችን ነው የሚያስታውሰኝ፤ ሥራው ከባድ ነው፣ ግን ማንም ክፈሉኝ አይልም፣ ወሬውና ሳቁ ደግሞ ድግሱ ከመድረሱ በፊት ያለ ድግስ ነው።

ሸክላው ተሸጠ። የተገኘውን ገንዘብ የሌሎች ጓደኞችን ባንድ ለማሳተም አዋሉት። ሁለተኛው ሸክላ ጆርጅታውን ውስጥ አይስክሬም ይሸጥ የነበረ የማካይ ጓደኛ ባንድ ነው፤ ዓለም ዛሬ ዘፋኙ ሄንሪ ሮሊንስ ብሎ ያውቀዋል። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። የውል ወረቀት የለም። ወጪው ከተሸፈነ በኋላ ትርፉን ባንዱና ዲስኮርድ ይካፈላሉ፤ ቃል ብቻ ነው። የቀረጹት ዶን ዚንታራ የሚባል ሰው አርሊንግተን ቤቱ ምድር ቤት ባቋቋመው ኢነር ኢር ስቱዲዮ ነው። ዲስኮርድም አርሊንግተን አንድ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ከ1981 ጀምሮ ሠራ። ይህን ያህል ዓመት ሲሠራ የዲሲና የአካባቢዋን ባንዶች ብቻ ነው ያሳተመው። ከሌላ ከተማ የሚመጣውን "የራስህን ከተማ አንተ አሳትም" ነው የሚሉት። ብዙዎች እንደዚያው አደረጉ፤ ተጽዕኖው የተስፋፋው በዚህ ነው።

ማካይ ቀጥሎ ማይነር ትሬት የሚባል ባንድ መሠረተ። በ1981 ያወጡት አንድ 46 ሰከንድ የሚፈጅ ዘፈን አለ፤ ስሙ ስትሬት ኤጅ። አልጠጣም፣ ዕፅ አልወስድም፣ ሌላ የምሠራው ነገር አለኝ ነው ነገሩ። ከዚህች ዘፈን ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ ተወለደ፤ ቦስተን፣ ኒውዮርክ፣ ስዊድን፣ ብራዚል፣ እጃቸው ላይ ኤክስ የሚጽፉ ወጣቶች በየቦታው ተነሱ። ማካይ ራሱ እንቅስቃሴ ለመጀመር አስቦ እንዳልጻፈው ደጋግሞ ተናግሯል፤ የራሴን ኑሮ ነው የተናገርኩት ባይ ነው። አንዳንድ ቦታ የሚጠጣውን እስከ መደብደብ የሄዱ ነበሩና ይህ የሚያሳዝን ነው። ግን በድግስ ላይ የማይጠጣ ሰው "ምነው? አሞህ ነው?" ተብሎ ሲጠየቅ ላየን ሰዎች፣ ያ 46 ሰከንድ ለስንት ብቸኛ ልጅ እፎይታ እንደሰጠ መገመት አይከብድም።

ማይነር ትሬት የመጨረሻ ኮንሰርቱን በመስከረም 1983 ሲያደርግ ያው መድረክ ላይ ትራብል ፈንክ ነበረ። ትራብል ፈንክ የጎ-ጎ ባንድ ነው፤ ጎ-ጎ ደግሞ የጥቁሩ ዲሲ የራሱ ሙዚቃ፣ ከበሮው የማያቋርጥ፣ ሰው እስኪነጋ የሚጨፍርበት። ሁለቱ ሙዚቃዎች በአንድ ምሽት መገናኘታቸው ጥሩ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን አልሆነም። የፓንኩ ልጆች አብዛኞቹ ከሰሜን ምዕራብ ዲሲ የመጡ ነጮች ነበሩ፤ ጥቁር በበዛበት ከተማ ውስጥ ያ ክፍተት ቀላል አይደለም።

ሌላው ችግር ድብድብ ነው። በ1984 አካባቢ መድረክ ፊት ያለው ቦታ የጉልበተኛ ሆነ። ሴቶቹ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፎቶ ያነሱት፣ ባንድ ያቋቋሙት፣ ኮንሰርት ያዘጋጁት ሴቶች፣ ወደ ኋላ ተገፉ። መሥራቾቹም ራሳቸው መምጣት እያቆሙ ነበር።

በ1985 የሆነው ነገር ደስ ይለኛል። ኤሚ ፒከሪንግ የምትባል ወጣት ከምትሠራበት የሰፈር ቢሮ ለጓደኞቿ ስም የሌለው ደብዳቤ ላከች። ተዘጋጁ፣ ይህ የአብዮት በጋ ነው የሚል መልእክት። በዚያ በጋ አዳዲስ ባንዶች ብቅ አሉ። ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ ዋናው ነው፤ ድምፃዊው ጋይ ፒቾቶ ስለ ሐዘን፣ ስለ ናፍቆት፣ ስላለፈ ጊዜ ይጮኻል፣ ፊት ለፊት የቆመው ያለቅሳል። በኋላ ኢሞ የተባለው ሙዚቃ መነሻው እነሱ ናቸው ይባላል፤ እነሱ ስሙን አይወዱትም። በዚያው ሰኔ ፓንኮቹ ድራም፣ ባልዲ፣ ድስት፣ ያገኙትን ሁሉ ይዘው የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ፊት ለፊት ቆመው ደበደቡ። ፖዚቲቭ ፎርስ የሚባል ቡድንም ተመሠረተ፤ ኮንሰርት እያዘጋጀ ገቢውን ቤት ለሌላቸው፣ ለነፃ ክሊኒክ፣ ለተከራዮች መብት ይሰጣል።

በዚያው 1985፣ በዚያው ከተማ፣ ኃይሉ መርጊያ ብቻውን አንድ አልበም ሠራ። ከዋሊያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ መጥቶ እዚሁ የቀረው ኃይሉ። አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የድራም ማሽኑን ራሱ እየተጫወተ ቀረጸ። ያ ሥራ በካሴት ወጣ። ኃይሉ ለረጅም ዓመት ታክሲ ነዳ፤ በ2013 አልበሙ እንደገና ሲታተም የዓለም መድረክ መልሶ አገኘው። አስቴር አወቀም በእነዚያ ዓመታት ዲሲ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ ትዘፍን ነበር። የሚያስፈርም ኩባንያ በሌለበት ከተማ ራሱ የሚሠራው ፓንኩ ብቻ አልነበረም።

ወደ በሩ ልመለስ። በ1987 ማካይና ፒቾቶ ፉጋዚ በሚባል ባንድ ተገናኙ። ፉጋዚ ሦስት ነገር አጥብቆ ያዘ፦ መግቢያው 5 ዶላር አካባቢ ይሁን፣ በማንኛውም ዕድሜ ያለ ሰው ይግባ፣ ሸክላው ርካሽ ይሁን። ዲስኮርድ ሱቁ እንዳይጨምርበት ዋጋውን ሽፋኑ ላይ ያትመው ነበር። ሺዎች የሚይዝ አዳራሽ ሲሞሉ እንኳ ዋጋው ከዚያ ብዙ አልራቀም። ትልልቅ ኩባንያዎች መጥተው ገንዘብ አቀረቡ። እምቢ አሉ።

ዘፈን መሃል ሰው የሚደበድብ ካለ ሙዚቃውን ያቆማሉ። ስም ሳይጠሩ፣ በትህትና "ጌታዬ፣ እባክህ ተው" ይሉታል። ካልተወ ከአዳራሹ ይወጣል። ሲወጣም ፖስታ ይሰጠዋል። ፖስታው ውስጥ 5 ዶላሩ አለ። ገንዘብህን አልወሰድንም፣ እዚህ ግን አትሆንም። በ1990 የገና ማግስት ሎርተን እስር ቤት ገብተው ለእስረኞች ተጫወቱ። በጥር 1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሊጀመር ሲል ኋይት ሐውስ ፊት ለፊት በብርድ ተጫወቱ።

የቀረውን ተጽዕኖ በአጭሩ ልጥቀሰው። በ1991 በጋ ራዮት ገርል የተባለው የሴቶች ፓንክ ሳምንታዊ ስብሰባውን አርሊንግተን ፖዚቲቭ ፎርስ ቤት አደረገ፤ "ሴቶች ወደ ፊት" የሚለው ጥሪ የተገፉትን ሴቶች ቦታ አስመለሰ። ዴቭ ግሮል ከስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ ነው፤ በ17 ዓመቱ ስክሪም የሚባል ባንድ ውስጥ ድራም ገባ፣ ከዚያ በ1990 በኋላ በዓለም ወደታወቀው የሮክ ባንድ ወደ ኒርቫና ሄደ። ስክሪም የመጣበት ቤይሊስ ክሮስሮድስ ደግሞ ዛሬ እኛ እንጀራ የምንገዛበት፣ ገንዘብ የምንልክበት፣ ፀጉራችንን የምንቆረጥበት የገበያ ማዕከል ያለበት ነው። 9:30 ክለብ በ1996 ኤፍ ስትሪትን ለቆ ቪ ስትሪት ሲመጣ ቁጥሩን ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ የሐበሻ ሱቆች አጠገቡ በዙ። ጎረቤት ሆንን።

የዲሲ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2014 የፓንክ መዝገብ ከፍቷል። ፍላየሮች፣ ሸክላዎች፣ በእጅ የተጻፉ መጽሔቶች፣ ፎቶዎች ተሰብስበዋል። የ1985ን ፍላየር ማየት የፈለገ ሰው ይሄዳል፣ ይጠይቃል፣ አውጥተው ያሳዩታል። መግቢያ አይከፈልም፣ ዕድሜ አይጠየቅም። የአዳምስ ሞርጋን የሐበሻ ምሽቶች ፖስተር፣ የመጀመሪያዎቹ የስደት ካሴቶች፣ ጥግ ላይ በተተከለ አንድ ማይክ የተዘፈነባቸው ሌሊቶች ፎቶ፣ እነዚያ ገና በየሰዉ ምድር ቤት ካርቶን ውስጥ ናቸው። ያለው ሰው ካርቶኑን ከመጣሉ በፊት ይክፈተው። እኔ የአጎቴን ካርቶን ከፍቻለሁ፤ 14 ካሴት አገኘሁ፣ አሥራ አንዱ ይሠራሉ።